መርዶ የማይነገርለት ሞት

በክርስቶስ የተወደዳችሁ፣ በደማም፣ በኮባር፣ በዳህራንና በአካባቢው የምትኖሩ ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ፤

ባለፈው ዐቢይ ጾም በአንድ ዓርብ ማታ፣ በደማም ኢንዱስትሪ ከተማ በፋብሪካ ከሚሠሩ ስድስት ወጣቶች ጋር እንደ ልማዳችን በስልክ ተገናኝተን የመቁጠሪያ ጸሎት አደረስን። ስድስቱም በአንድ ክፍል ይኖራሉ። ጸሎቱ አልቆ ከባረክኋቸው በኋላ ስልኩን የያዘው ልጅ መስመሩን ሳይዘጋ አስቀመጠው መሰለኝ፤ እኔም ወረቀት ሳገላብጥ ልብ ሳልለው ቆየሁ። ጥቂት እንደ ቆየ ከወዲያ በኩል የተኩስ እሩምታ፣ ከዚያም የጣር ድምፅ፣ ወዲያውም የብዙ ሰው ሳቅና ጭብጨባ ተሰማኝ። ደንግጬ ስማቸውን እየጠራሁ ጮኽሁ። «አባ፣ አይደንግጡ፤ ፊልም ነው» አለኝ አንዱ፣ ሳቁ ገና ከአፉ ሳይጠፋ። እኔም አብሬያቸው ሳቅሁ። ሌሊቱን ግን እንቅልፍ እንቢ አለኝ።

ያላስተኛኝ የተኩሱ ድምፅ አልነበረም። ከዚያች ማታ አንድ ወር ያህል ቀደም ብሎ በዚያው ግቢ ይኖር የነበረ አንድ ወንድማችን ታሞ ዐርፎ ነበር። እነዚያው ስድስት ወጣቶች ያን ጊዜ ያደረጉትን አስታውሳለሁ። ከየደመወዛቸው ሪያል ቆጥረው አዋጡ፤ ከሌሎች ክፍሎችም ለመኑ። አስከሬኑ ወደ አገሩ እንዲሸኝ ወረቀት ይዘው ከቢሮ ቢሮ ተመላለሱ። ከሁሉ የከበዳቸው ግን መርዶው ነበር። እናቱ ብቻዋን የምትኖር መበለት ናትና ማን ይንገራት? በስልክማ እንዴት ይሆናል? በመጨረሻ የአጥቢያዋን ካህንና ጎረቤቶቿን አፈላልገው አገኙ፤ ሽማግሌዎቹም በማለዳ፣ ገና ጎሕ ሳይቀድ፣ ከደጇ ተሰብስበው ነገሯት። አንድ ሰው ስለ ሞተ ስንት ሰው እንደ ደከመ ተመልከቱ። የአንድ ሰው ሞት እንዲህ ይከብዳል።

እንግዲህ የአንድን ሰው ሞት እንዲህ ተሸክመው ያሳለፉት ልጆች ናቸው፣ በወሩ የብዙ ሰው ሞት እያዩ ያጨበጨቡት። ልባቸው ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ከእነርሱ ደግ ልጅ ከየት ይገኛል? ያጨበጨቡት ፊልሙ እንዲያጨበጭቡ ሆኖ ስለ ተሠራ ነው። በዚያ ሌሊት ሳስበው ያደርኩትን ነው ዛሬ የምጽፍላችሁ። የተኩስ ፊልም ሲወቀስ ብዙ ጊዜ የሚነሣው ደም ማብዛቱ ነው። እኔን ይበልጥ የሚያስፈራኝ ሌላ ነገር ነው፤ መርዶ የማይነገርለትን ሞት ያለማምደናል። ሰው ይወድቃል፤ ስሙን የሚጠራ፣ አስከሬኑን የሚያነሣ፣ ለእናቱ የሚነግር የለም፤ እኛም ይህን እንደ ተገቢ ነገር ቁጭ ብለን እናያለን።

ጉዳዩ ለእናንተ ሩቅ አይደለም። በምትኖሩበት አገር ሲኒማ ቤቶች ከሠላሳ ዓመት በላይ ተዘግተው ከቆዩ በኋላ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2017 እንዲከፈቱ ተፈቀደ፤ የመጀመሪያውም ሚያዝያ 18 ቀን 2018 በሪያድ «ብላክ ፓንተር» በተባለው ፊልም ተከፈተ። ከዚያ በፊት የምሥራቁ ክልል ነዋሪ ፊልም ማየት ሲያምረው፣ ኮባርን ከባሕሬን በሚያገናኘው 25 ኪሎ ሜትር በሚረዝመው የንጉሥ ፋህድ ድልድይ ባሕሩን ይሻገር ነበር። ያው ድልድይ ወደ ሌላም ስፍራ ያደርሳል፤ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 10 ቀን 2021 በባሕሬን አዋሊ ወደ ተቀደሰው የዓረቢያ እመቤታችን ካቴድራል። ከእናንተ መካከል ድልድዩን የመሻገር ዕድል ያላችሁ ጥቂቶች እንደ ሆናችሁ ዐውቃለሁ። ፊልሙ ግን ድልድይም ትኬትም ሳይጠይቅ፣ በየኪሳችሁ ባለው ስልክ፣ አልጋችሁ ድረስ ይመጣል። ቅዳሴ ሩቅ፣ ፊልም ቅርብ በሆነበት ኑሮ ዓይናችን ምን እየተማረ እንደ ሆነ መጠየቅ የእረኛ ግዴታ ነው።

ለመውቀስ የምጽፍ እንዳይመስላችሁ የራሴን ልናዘዝ። ከዘርዐ ክህነት ትምህርት ቤት ለዕረፍት ወደ ቤት በምመለስበት ዘመን በከተማችን አንድ ቪዲዮ ቤት ነበረ። በመጋረጃ በተጨለመ ክፍል ውስጥ በአግዳሚ ተደርድረን እ.ኤ.አ. በ1985 የተሠራውን «ኮማንዶ»ን ያየነው ስንት ጊዜ እንደ ሆነ አላስታውስም። ታሪኩን ታውቁታላችሁ፤ ጡረታ የወጣ መኮንን ልጁ ታፍና ትወሰድበታለች፤ እርሱም ሊያስመልሳት ወደ አንዲት ደሴት ይሄዳል። በዚያ ያለውን የጥበቃ ሠራዊት ለብቻው ሲጨርስ ክፍሉ በጩኸት ይናወጥ ነበር። «አክተር አይሞትም!» እንባባል ነበር፤ እውነትም አልሞተም። በነጋታው ጸሎት ቤት ገብቼ ስለ ሙታን ዕረፍት ስጸልይ፣ ከእነዚያ ጠባቂዎች አንዱ እንኳ ትዝ ብሎኝ አያውቅም። ትዝ ሊለኝም አይችልም፤ ፊታቸውን አላየሁትምና።

ይህ እንዲያው በአጋጣሚ የሆነ አይደለም፤ የፊልሙ አሠራር ነው። እንደ ገና ስታዩት ልብ በሉ። የሚሞቱት ብዙዎች ጭንብል ወይም ሄልሜት ያጠለቁ ናቸው፤ ካሜራው ከሩቅ ወይም ከጀርባ ያያቸዋል። አይናገሩም፤ ቢናገሩም አንድ ጩኸት ነው። ከወደቁ በኋላ ካሜራው አንዲት ሰከንድ እንኳ አጠገባቸው አይቆይም፤ ወዲያው ወደ ሌላው ይዞራል። ሙዚቃው በሞታቸው ላይ ከፍ ይላል እንጂ ዝቅ አይልም። ሁሉ ካለቀ በኋላ ያ ሁሉ ሬሳ የት እንደ ደረሰ የሚያሳይ ትዕይንት የለም። ፊታቸውን ብናይ፣ አንዱ ኪሱ ውስጥ የልጁን ፎቶ ይዞ እንደ ሆነ ብናውቅ ማጨብጨብ ያቅተናልና፣ ሠሪው ይህን እንዳናውቅ ተጠንቅቆ ይሠራል።

እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣውን «ጆን ዊክ»ን አስታውሱ። ታሪኩ የሚጀምረው ሟች ሚስቱ ለጀግናው ያስቀረችለት ቡችላ ሲገደል ነው። ያ ሁሉ በቀል የሚከተለው ስለዚያ ነው። እንስሳን መውደድ መልካም ነው፤ እኔም ብሆን ስለ ቡችላው አዝኛለሁ። ነገር ግን ቡችላዋ በፊልሙ ውስጥ «ዴይዚ» የሚል ስም አላት፤ ስለ እርሷ ከሚገደሉት ሰዎች ግን አብዛኞቹ ስም የላቸውም። ተመልካቹም ይህ ሳይደንቀው ቤቱ ይገባል።

ከዚህ የሚከብደው ደግሞ ታሪኩ እውነተኛ ሲሆን ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 የተሠራው «ብላክ ሐውክ ዳውን» በጎረቤታችን በሶማሊያ፣ በሞቃዲሾ፣ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1993 የተካሄደውን ውጊያ ያሳያል። በመጨረሻው ላይ የ19 አሜሪካውያን ወታደሮች ስም ይዘረዘራል። መልካም ነው፤ እያንዳንዳቸው እናት ነበራቸው። ከ1,000 በላይ እንደ ሞቱ የሚነገርላቸው ሶማሊያውያን ግን በቁጥር ብቻ ታልፈዋል። በመንደራቸው ለቅሶ አልነበረምን? ሶማሊያዊት እናት እንደ እኛዋ እናት አታለቅስምን?

ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ በእነዚህ ፊልሞች ውስጥ በስም የሚጠራው ማን፣ ያለ ስም የሚወድቀው ማን እንደ ሆነ አስተውሉ። በር ጠባቂው፣ ሾፌሩ፣ ዕቃ ተሸካሚው፣ ቋንቋው የማይገባን የሩቅ አገር ሰው ነው ያለ ስም የሚወድቀው። እነዚህ እነማን ናቸው? እኛ ነን። በሰው አገር ስንኖር ከስማችን ይልቅ በኢቃማችን ቁጥር የምንታወቅበት ቀን ይበዛል። ለአክተሩ ስናጨበጭብ፣ ሳናውቀው፣ የራሳችን ዓይነት ሰው ሲወድቅ እያጨበጨብን ነው።

ቤተ ክርስቲያን በፊልም ላይ ጠላትነት የላትም። ር.ሊ.ጳ. ፒዮስ 11ኛ እ.ኤ.አ. በ1936 «ቪጂላንቲ ኩራ» በተባለው መልእክታቸው ሲኒማ ለበጎም ለክፉም ታላቅ ኃይል እንዳለው አስተምረዋል። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤም እ.ኤ.አ. በ1963 ባወጣው «ኢንተር ሚሪፊካ» በተባለው ውሳኔ፣ ክፋትን በጥበብ ማሳየት ሰውን ጠልቆ ለማወቅ ሊረዳ እንደሚችል፣ ሆኖም ለግብረ ገብ ሕግ መገዛት እንዳለበት ገልጿል። እ.ኤ.አ. በ1995 ሲኒማ የተወለደበት መቶኛ ዓመት ሲከበር ቫቲካን 45 ፊልሞችን መርጣ አወጣች፤ ከእነርሱም መካከል እ.ኤ.አ. በ1986 የተሠራው «ሚሽን» ይገኛል። በፊልሙ መጨረሻ ወታደሮች በደቡብ አሜሪካ ባለ የጓራኒ ሕዝብ የሚሲዮን መንደር ላይ ይተኩሳሉ፤ ቅዱስ ቁርባን ይዞ የሚሄደው ካህን ይወድቃል። ግፉ በግልጽ ይታያል። ነገር ግን ሲወድቅ የምናየውን ሰው ቀድመን ዐውቀነዋል፤ ሲዘምር ሰምተነዋል። ስለዚህ ማንም አያጨበጭብም፤ ዝም ይላል። ፊልምን ለመመዘን የምሰጣችሁ ሚዛን ይኸው ነው፤ ሰው ሲሞት ዝም ያሰኛችኋል ወይስ ያስጨበጭባችኋል?

«አባ፣ ይህ ጨዋታ ነው፤ እውነት የሞተ የለም» እንደምትሉኝ ዐውቃለሁ። «ቀኑን ሙሉ በሙቀት ሠርተን፣ ማታ ትንሽ ብንስቅ ምን አለበት?» ትሉኛላችሁ። ድካማችሁን አልንቅም። ተዋናዩ ተነሥቶ ልብሱን አራግፎ ቤቱ እንደሚገባም ዐውቃለሁ። የተኩስ ፊልም የሚያይ ሁሉ ገዳይ ይሆናልም አልልም፤ ብዙ ደጋግ ሰዎች ያዩታል። ነገር ግን ሟቹ የውሸት ቢሆንም የሚያየው ዓይን እውነተኛ ነው። ዓይን ደግሞ የለመደውን ይዞ ይቀራል።

ቅዱስ አጎስጢኖስ በ«ኑዛዜ» መጽሐፉ ስለ ወዳጁ ስለ አሊፒዮስ የተረከው ይህንኑ ነው። አሊፒዮስ ከሰሜን አፍሪካ ሕግ ለመማር ወደ ሮም የሄደ፣ እንደ እናንተ ከአገሩ የራቀ ወጣት ነበረ። ሰዎች ሲገዳደሉ የሚታይበትን ትርኢት ይጠላ ነበር። ባልንጀሮቹ እየጎተቱ ወሰዱት፤ እርሱም ሥጋዬን ብትወስዱ ልቤን አትወስዱም ብሎ ዓይኑን ጨፍኖ ተቀመጠ። ጆሮውን ግን መዝጋት አልቻለም። አንዱ ተጋጣሚ ሲወድቅ ሕዝቡ በአንድ ድምፅ ሲጮኽ፣ ምን እንደ ሆነ ለማየት ዓይኑን ገለጠ። ከዚያ በኋላ አልጨፈነም። ሲወጣ እንደ ገባው ሰው አልነበረም፤ ሌላ ጊዜም ራሱ ሌሎችን ይዞ ይሄድ ጀመር። ልብ በሉ፤ የጣለው ደሙ ብቻ አልነበረም፤ የሕዝቡ ጩኸት ነው። ብቻውን ቢሆን የሚያዝንበትን ነገር ሰው በጭብጨባ መካከል ሲሆን ይደሰትበታል። እግዚአብሔር ግን አልተወውም፤ ኋላ የታጋስቴ ጳጳስ ሆነ።

ለዚያው ትርኢት ሌላ ሰው ሌላ መልስ ሰጠ። የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ጸሐፊው ቴዎዶሬጦስ እንደሚነግረን፣ ቴሌማኮስ የተባለ መነኩሴ ከምሥራቅ ተነሥቶ ወደ ሮም መጣ። በስታዲየሙ ሰዎች ሲገዳደሉ ባየ ጊዜ ከመቀመጫዎቹ ወርዶ በመካከላቸው ገባና ሊያስታርቃቸው ሞከረ። ደስታው የተቋረጠበት ተመልካች በድንጋይ ወግሮ ገደለው። ንጉሡ ሆኖርዮስ ይህን ሲሰማ መነኩሴውን ከሰማዕታት ቆጠረው፤ ያንንም ትርኢት አስቀረ። ያን ሁሉ ዘመን የሮም ሰዎች ያላዩትን አንድ እንግዳ አየው፤ እነርሱ ተጋጣሚ ሲያዩ እርሱ ወንድም አየ።

አሁን ወደ ራሳችን ቁስል ልመልሳችሁ፤ ይህን ሁሉ የጻፍሁትም ስለ እርሱ ነው። ሚያዝያ 11 ቀን 2007 ዓ.ም. ከፋሲካ ቀጥሎ የዋለው የዳግም ትንሣኤ እሑድ ነበረ። በዚያ ቀን ራሱን እስላማዊ መንግሥት ብሎ የሚጠራው ቡድን በሊቢያ 30 የሚጠጉ ኢትዮጵያውያን ክርስቲያኖችን ሲገድል የቀረጸውን ቪዲዮ ለዓለም አሠራጨ። እንጀራ ፍለጋ የወጡ፣ እንደ እናንተ ያሉ ስደተኞች ነበሩ። ከፊሎቹ በባሕር ዳርቻ፣ ከፊሎቹ በበረሃ ተገደሉ። መንግሥት የሦስት ቀን ብሔራዊ ኀዘን አወጀ፤ ር.ሊ.ጳ. ፍራንቸስኮስ ለብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ማትያስ የኀዘን መልእክት ላኩ፤ የኢትዮጵያ እስልምና ጉዳዮች ጠቅላይ ምክር ቤትም ድርጊቱን አወገዘ።

ያን ቪዲዮ ያየ ሰው አንድ ነገር ሳያስተውል አይቀርም፤ እንደ ፊልም ተሠርቷል። ገዳዮቹ ልብስ አመሳስለው ለብሰዋል፤ ፊታቸው ተሸፍኗል፤ ስፍራው ተመርጧል፤ ምስሉ ተቀናብሮ ድምፅ ተጨምሮበታል። ለምን እንዲህ ደከሙ? ለመግደሉማ ይህ ሁሉ አያስፈልግም ነበር። የዓለም ዓይን ምን እንደ ለመደ ስለሚያውቁ ነው ብዬ አምናለሁ። ሰው ያለ ስም፣ በረድፍ፣ በውብ ምስል ሲወድቅ ማየትን ተለማምዶ የቆየ ዓይን እንዳለ ዐውቀው ለዚያ ዓይን ሠሩት። እኛ በቪዲዮ ቤት በጩኸት የተማርነውን ቋንቋ በወንድሞቻችን አንገት ላይ ተናገሩበት።

ከዚያስ ምን ሆነ? ሟቾቹ በቪዲዮው ስም አልተሰጣቸውም ነበር። በአዲስ አበባ፣ በጨርቆስ ሰፈር ግን ቤተሰብ ምስሉን አይቶ ልጁን ለየ። እናት በገዳይ ካሜራ ውስጥ ልጇን ዐወቀች! መርዶ ነጋሪ ሽማግሌ ሳይመጣ፣ ጎሕ ሳይቀድ ሳይባል፣ መርዶው በስልክ መስተዋት መጣ። ሰፈሩም ድንኳን ተከለ፤ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አብሮ አለቀሰ፤ በየስማቸው እየተጠሩ ተለቀሰላቸው። ገዳዮቹ የነጠቁትን ስም ጨርቆስ መለሰላቸው። በዚያ ሰሞን ከተሰበከው ስብከት ሁሉ የዚያ ድንኳን ለቅሶ ይበልጥብኛል።

ያ እሑድ ምን ወንጌል የሚነበብበት እንደ ሆነ ታስታውሳላችሁ። ጌታ በተዘጋ ደጅ ገብቶ ለቶማስ እጁንና ጎኑን ያሳየበት ነው። ቶማስ ብዙ ሰው ሲሰቀል አይቶ ይሆናል፤ በዘመኑ መስቀል ብርቅ አልነበረምና። የጠየቀው ግን የአንዱን፣ የሚያውቀውንና የሚወደውን ሰው ቁስል መንካት ነበር። ከሞት የተነሣው ጌታ ክብር ከለበሰ በኋላ እንኳ ቁስሉን አልደበቀም። ፊልሙ ቁስሉን ቶሎ አልፎት ይሄዳል፤ ወንጌል ግን በቁስሉ ዘንድ ያስቆመናል።

«መጽሐፍ ቅዱስስ ጦርነት የሞላበት አይደለምን?» የሚለኝ ይኖራል። እውነት ነው። ግን እዩ፤ የመጀመሪያው ሰው በተገደለ ጊዜ እግዚአብሔር ገዳዩን የጠየቀው ወንድምህ አቤል የት አለ ብሎ ነው፤ በስሙ ጠራው። ዳዊት ያሳድደው የነበረው ሳኦል ሲሞት ልብሱን ቀድዶ አለቀሰ፤ ስለ ጠላቱ የኀዘን ቅኔ ተቀኘ። ሊገለብጠው የተነሣው አቤሴሎም ሲገደል ድሉ ለሕዝቡ ሁሉ ኀዘን ሆነ። እነሆ ጀግናው የሚያለቅስበት መጽሐፍ። ጠላቱን ጥሎ የሚያለቅስ አክተር አይታችሁ ታውቃላችሁን?

ይህን የማሳስባችሁ ጊዜው አስፈሪ ስለ ሆነ ነው። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ በአገራችን በተነሡት ጦርነቶች ሰው ሲገደል የተቀረጹ ቪዲዮዎች በየስልካችን ይዞራሉ። በአንድ ጣት ፊልሙን፣ በዚያው ጣት እውነተኛውን ግድያ እናሳልፋለን። ለእኔም ተልኮልኛል። የላከልኝ ሰው ክፉ አልነበረም፤ የወደቁት ግን የእርሱ ወገን አልነበሩምና ከሥሩ የደስታ ምልክት አድርጎበት ነበር። ያን ምልክት ሳይ የቪዲዮ ቤቱን ጩኸት ሰማሁ። «አክተር አይሞትም» ብለን ያደግን ልጆች የየራሳችንን አክተር መርጠን፣ የሌላው ሟች እናት የሌለው መሰለን። በአንድ ክፍል ውስጥ የዚህኛውና የዚያኛው ወገን ልጆች በተደራራቢ አልጋ ላይና ታች ተኝታችሁ በምታድሩበት አገር፣ ከታች ያለው በቪዲዮው ሲደሰት ከላይ ያለው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ እንደሚያለቅስ አትርሱ።

ስለዚህ አራት ነገር እለምናችኋለሁ።

አንደኛ፣ እውነተኛ ግድያ የተቀረጸበትን ቪዲዮ አታስተላልፉ። ለሕግ ማስረጃ የሚሆን ከሆነ ለሚመለከተው ይድረስ፤ ለመዝናኛ ወይም ለቂም ግን ከእናንተ ስልክ አይውጣ። ሲደርሳችሁ ለሟቹ አንድ «አባታችን ሆይ» ድገሙና አጥፉት። ስሙን ባታውቁ እግዚአብሔር ያውቀዋል።

ሁለተኛ፣ ፊልም ስታዩ አብራችሁ ጠይቁ። የወደቀውን በር ጠባቂ እያያችሁ፣ ይህ ሰው ከየት መጣ፣ ማን ይጠብቀው ነበር፣ መርዶውን ማን ይነግራል በሉ። ፊልሙ ጥያቄውን ከቻለው እዩት። ካልቻለውና ጨዋታው ከፈረሰ፣ ያ ፊልም የሚቆመው ሰውን በመርሳት ላይ ብቻ እንደ ነበረ ታውቃላችሁ።

ሦስተኛ፣ ስለ ልጆች። አገር ቤት ላሉ ልጆቻችሁ ስልክ የምትልኩ እናቶችና አባቶች፣ ከስልኩ ጋር ድምፃችሁንም ላኩ፤ ምን እንዳዩ ጠይቋቸው፣ ታሪክ ንገሯቸው። በሰው ቤት የምትሠሩ እኅቶቼ፣ የምትጠብቋቸው ሕፃናት የተኩስ ጨዋታ ሲጫወቱ መከልከል ሥልጣናችሁ ላይሆን ይችላል። ግን ልጅ ሲወድቅ ሮጣችሁ ስታነሡት፣ ሲያለቅስ እንባውን ስትጠርጉ፣ የሰው ሕመም ዋጋ እንዳለው እያስተማራችሁት ነው። ይህን ትንሽ ሥራ አታድርጉት።

አራተኛ፣ ሙታናችሁን በስም አስቡ። በዓርብ ጸሎታችሁ መጨረሻ በዚህ አገር ያረፉትን፣ በባሕርና በበረሃ የቀሩትን፣ በክርስትና ስማቸው ጥሩ። በመሥዋዕተ ቅዳሴ የሙታን መታሰቢያ የሚደረገው በስም የሆነው በከንቱ አይደለም። ስም የሚጠራ አፍ በቀላሉ ለግድያ አያጨበጭብም።

ከዚያች ማታ በኋላ በሚቀጥለው ዓርብ ለስድስቱ ልጆች ይህንኑ ነገርኋቸው። ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ አንዱ፣ የሟቹን መርዶ ለማስነገር ብዙ የደከመው፣ «አባ፣ እናቱ ትናንት ደውላልን ነበር፤ ስማችንን አንድ በአንድ እየጠራች መረቀችን» አለኝ። ሌላ ነገር አልጨመርሁም። የሚሻል ስብከት አላውቅምና።

እመቤታችን ቅድስት ድንግል ማርያም መርዶ ነጋሪ አላስፈለጋትም፤ ከመስቀሉ ሥር ቆማ የልጇን ሞት በዓይኗ አየች፤ ሕዝቡ ሲዘብት እርሷ ፊቷን አላዞረችም። ዓይናችንን ከእርሷ ዓይን ጋር ታስተምርልን። በሰው አገር ያላችሁትን ከክፉ ሁሉ ትጠብቅልን፤ በሰላም ለአገራችሁ፣ በሕይወት ለእናቶቻችሁ ታብቃችሁ። አሜን።